የመስኮቷ ጠርዝ

ደሴን ጉም ሲወርሳት፣ ጦሳ ሲጠፋባት፣
ሰው በሳሉ ሲለይ፣ መኪና በመብራት፣
በሙሔ እብሬ ሱቅ፣ ከሰዓት ሠሪው ጎን፣
እኔ መነጽር አጥባለሁ፣ እሱ ይሞርዳል ሌንሱን።

አንድ ማለዳ መጣ ከቦረና ሳይንት፣
የዱር ጠባቂ ነው፤ ጭቃው እስከ ጉልበት።
ጠመንጃውን ለጓዱ አደራ ሰጥቶ፣
ከጋቢው እጥፋት አወጣ፣ በሻሽ ጠቅልሎ አምጥቶ፣
ክብሪት የምታህል ማነጣጠሪያ፤
መስኮቷ ጥፍር አታክል፣ የአንዲት ቀይ ነጥብ ማደሪያ።

«ጋሽ ሙሔ፣» አለ አሰን ተገኘ፣ «ይቺ ነገር ሰለቸችኝ፤
በጉም እሺ ብላ፣ ፀሐይ ሲመጣ ከዳችኝ።
ባትሪዋ ሳምንት አይሞላም፣ መስኮቷም የቁልፍ ቀዳዳ፤
ያድምቁልኝ፣ ያስፉልኝ፣ እንዳትከብድ ግን አደራ፤
ከንጋት እስከ ማታ እኔው ነኝ ተሸካሚዋ በዚያ ተራራ።»

ሙሔ ሳቀ፤ የሚስቀው በአፍንጫው ነው።
«አብሽር፤ ግን ብርሃን ዱቤ አያውቅም፣ እጅ በእጅ ነው።
ነጥቧን ባደምቃት፣ ባትሪው በሦስት ቀን ይሞታል፤
ባደበዝዛት ወር ይከርማል፣ ግን ቀትር ላይ ማን ያያታል?
መስታወቷን ባሰፋው፣ ቤቷም አብሮ ይወፍራል፤
አናቱ የከበደ ጠመንጃ እንደ ሰካራም ያጋድላል።
ማጉያ ብጨምርልህ፣ የሩቁን ደጅህ ያመጣል፤
በቀኝህ የቆመው ጓድህ ግን ከዓይንህ ወጥቶ ይቀራል።
ነጥቧ ጎልታ እንድትመለስ መስታወቱን ብቀባው ደግሞ፣
ቀዩን ለራሱ ይይዛል፣ የቀረውን ሰማያዊ አድርጎ፤
የምትጠብቀው ቀይ ቀበሮ
ቀይነቱ ይወልቅበታል። ያን ጊዜ ምኑን ልትጠብቅ ነው?»

አሰን አንገቱን አከከ። «እሱስ አይሆንም፣» አለ።

እነሱ በሚዛን በዋጋ ሲከራከሩ
እኔ አነሳኋት። ዞርኩ ወደ በሩ።
ጉሙ ተከፍቶ ነበር በቧንቧ ውሃ በኩል፤
ዘምዘም ቢጫ ጀሪካን አዝላ ደርሳለች የዳገቱን እኩል።
ነጥቧ ትከሻዋ መሐል አረፈች እንደ ጥንዚዛ፤
አንገቴን ባጣምምም ሙጭጭ አለች፣ አልለቀቀችም ይዛ።
ዘምዘም አልዞረችም። ምኑን ታውቃለች?
ነጥቧ እሷ ላይ አልነበረችም፤ እኔው ዓይን ውስጥ ነች።

ዝቅ ሳደርጋት ነው ያየሁት፦ ከጎኗ ታናሽ ወንድሟ፣
በጆግ ውሃ ይዞ፣ ቀሚሷን ጨብጦ።
ጥቁሩ ጠርዝ ነው ለካ ልጁን በሙሉ የዋጠው፣
ከነጆጉ፣ ከነእጁ፣ ከመስኮቷ ማዶ አስቀምጦ።

ሙሔ አልተቆጣኝም። እጄን ይዞ አወረደው።
የእሱ መነጽር የቅርብ ነው፣ ጦሳን ካየ ስንት ክረምቱ፤
ለሥራው ሲል ሩቁን ሸጧል፣ ተራራው ጉም ነው ለፊቱ።
«ማን ነበረች?» አለኝ።
«ዘምዘም።»
«ብቻዋን?»
ዝም አልኩ። ዝምታዬን ሰማና ሞረዱን አነሳ።

ሦስት ቀን ሞረደ።
«ነጥቧን አልነካሁም፣ ባትሪዋም ያው የድሮዋ፤
ጠርዟን ነው ያቀጠንኩት፤ ይኸው፣ ቀለበት ሆኗል ዙሪያዋ።»
አሰን በጣቱ ጫን አላት። «ድንጋይ ላይ ብትወድቅስ?»
«ትሰበራለች።»
«ታዲያ?»
«ትሰበራለቻ። መስታወት ውድ ነው፣ አዲስ አበባ ድረስ ያስኬዳል፣ ግን ይገኛል፤
ከጠርዝ ጀርባ የቆመ ሰው ግን በየትኛው ሞረድ ይሠራል?»

አሰን አልተዋጠለትም። ቅር እንዳለው ግማሹን ከፈለ፣
ግማሹን ለጥቅምት ቀጥሮ ወደ መናኸሪያው ቸኮለ።
ሙሔ ከሞረዱ ላይ ጥቁሯን ብናኝ እፍ አላት፤
በሩን አልፋ ወጣች፤ ከጉሙ ማን ይለያት።